ስልክና ሰርዲን፦ ስለ ኬረላው ጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዲጂታል ገበያ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ የዓሳ ታሪክ አወራለሁ። ሰው ይሰማኛል፣ ይገረማል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። አንዳንዱን ምናልባት አሥር ጊዜ መልሼዋለሁ። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አደረግኳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

ጥናቱ የማን ነው? ስለ ምንስ ነው?

ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር ሥራ ነው። በ2007 ኳርተርሊ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ላይ ወጣ። ጄንሰን የጠየቀው ነገር ሲሰሙት ተራ ይመስላል። ሻጭና ገዢ የሌላውን ገበያ ዋጋ በቀላሉ ማወቅ ሲጀምሩ ምን ይለወጣል?

መማሪያ መጻሕፍቱ መልሱን ድሮ ጽፈውታል። አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ቅርብ ገበያዎች ሁለት ዋጋ ሊኖረው አይገባም ይላሉ። ልዩነት ካለ የትራንስፖርቱን ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉ ግን ሻጩ የሁለቱንም ገበያ ዋጋ ያውቃል ብሎ ነው የሚጀምረው። በእውነተኛ ገበያ ያንን ማን ያውቃል? ጄንሰን የሄደው ይህንን ክፍተት ለመለካት ነው። የለካው ደግሞ በዓሳ ገበያ ነው።

ኬረላ የት ነው? ለምንስ ሰርዲን?

ኬረላ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ ባሕር ዳር ያለ ክልል ነው። ዓሳ እዚያ የቅንጦት ምግብ አይደለም፤ የዕለት ምግብ ነው። ሰርዲን ደግሞ ርካሹ ነው። እኛ በጣሳ ታሽጎ ነው የምናውቀው፤ እነሱ ግን ትኩሱን ይበሉታል።

ለተመራማሪ ሰርዲን ይመቻል። አንዱ ሰርዲን ከሌላው ብዙም አይለይም። እንደ ጤፍ ማኛ፣ ሰርገኛ ተብሎ አይከፋፈልም። ስለዚህ የሁለት ገበያ ዋጋ ከተለያየ «የዕቃው ጥራት ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። በዚያ ላይ አይቆይም። በእነዚያ የባሕር ዳርቻ ገበያዎች ማቀዝቀዣ አልነበረም። ዛሬ ያልተሸጠ ዓሳ ለነገ አይተርፍም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስልክ ከመግባቱ በፊት ዓሳው ለምን ይደፋ ነበር?

አጥማጁ ሌሊት ይወጣል። ዓሳውን ይይዛል። ገበያው የሚቆመው ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሽያጩ እዚያው አሸዋው ላይ፣ በሐራጅ ነው። በየ15 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ሌላ ገበያ አለ።

አሁን ራሳችሁን ጀልባዋ ላይ አድርጉ። ዓሳ ሞልታችኋል። ወደ ሰፈራችሁ ገበያ ትሄዳላችሁ ወይስ ወደ ጎረቤቱ? ጎረቤት ጋ ዋጋው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። የምታውቁበት መንገድ የለም። ሄዳችሁ ካልቀናችሁ ወደ ሦስተኛው መሄድ አይታሰብም፤ ነዳጁ ውድ ነው፣ እስክትደርሱም ገበያው ይበተናል። ያላችሁ አንድ ዕድል ነው። ስለዚህ ሁሉም እንደ ልማዱ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል።

በዚያ ቀን በሰፈራችሁ በኩል ዓሳው በርክቶ ከሆነ ሁሉም ጀልባ ሞልቶ ይመጣል። ገዢው ሲያልቅ የተረፈው ወደ ባሕር ይደፋል። እዚያ ማዶ ያለው ገበያ ግን ዓሳ አጥቶ ገዢው እርስ በርሱ ይሻማል።

ጄንሰን ያስቀመጠው አንድ ቀን አለ። ጃንዋሪ 14፣ 1997። ባዳጋራ በሚባል የባሕር ዳርቻ ገበያ 11 አጥማጆች ገዢ አጥተው ዓሳቸውን ሊደፉ ነው። በዚያው ሰዓት፣ በ15 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ባሉ ሌሎች ገበያዎች 27 ገዢዎች ዓሳ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው። 15 ኪሎ ሜትር ከፒያሳ እስከ ቃሊቲ ገደማ ቢሆን ነው።

ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ማለቴን አስታውሳለሁ። ዓሳ አለ። ገንዘብ አለ። ሁለቱም ወገን ጧት ተነስቶ መጥቷል። የጎደለው «እዚህ ና» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለውጡ የመጣው በስልኩ መሆኑ በምን ታወቀ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ የቴክኖሎጂ ወሬ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በመሀል ነዳጅ ረክሶ ይሆናል። ዝናቡ ተስማምቶ ይሆናል። መንገድ ተሠርቶ ይሆናል።

ጄንሰንን የረዳው የታወር አተካከሉ ነው። የሞባይል አገልግሎት በሰሜን ኬረላ በአንድ ቀን አልገባም። መጀመሪያ በ1997 ኮዚኮድ ገባ። ቀጥሎ በ1998 ካኑር። በመጨረሻ በ2000 ካሳራጎድ። ሦስቱ አውራጃዎች በአንድ የባሕር ዳርቻ ተከታትለው የተቀመጡ ናቸው። ከተሞቹ ባሕሩ አጠገብ ስለሆኑ ኔትወርኩ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕሩ ይዘልቅ ነበር። ታወሩን የተከሉት ኩባንያዎች ለዓሳ አጥማጅ አስበው አይደለም። እንዲያው ደረሰው።

ጄንሰን በ15 ገበያዎች 300 ጀልባዎችን መርጦ፣ ከ1996 እስከ 2001 በየሳምንቱ ዋጋና ሽያጭ አስመዘገበ። ከዚያ ሥዕሉ ራሱ ተናገረ። ኮዚኮድ ስልክ ሲገባ የኮዚኮድ ዋጋ ረጋ። ካኑርና ካሳራጎድ እንደ ቀድሞው ሲዘባረቁ ቀጠሉ። ካኑር ስልክ ሲገባ ካኑር ረጋ። ከዚያ ካሳራጎድ። ዝናቡ ወይም ነዳጁ ቢሆን ኖሮ ሦስቱን በአንድ ላይ ይነካ ነበር እንጂ የታወሩን ተራ አይጠብቅም።

በቁጥር ምን ተለወጠ?

በ2001 ከጀልባዎቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስልክ ይጠቀሙ ነበር። ከጅምላ ገዢውና ከቸርቻሪውም አብዛኛው። ቀድሞ ከሰፈሩ ገበያ ውጭ የሚሸጥ አጥማጅ የለም ማለት ይቻላል፤ ከስልኩ በኋላ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሌላ ገበያ ሄዶ መሸጥ ጀመረ።

የዋጋው መራራቅ፣ ማለትም በአንድ ቀን በየገበያው ያለው ዋጋ ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ ከነበረበት ወደ 15 በመቶና ከዚያ በታች ወረደ። ይደፋ የነበረው ዓሳ ከተያዘው ከ5 እስከ 8 በመቶ ነበር። እሱ ጠፋ ማለት ይቻላል። የአጥማጁ ትርፍ በአማካይ በ8 በመቶ ጨመረ። የሰርዲን ዋጋ ለሸማቹ በ4 በመቶ ቀነሰ።

አጥማጁም አተረፈ፣ ሸማቹም ረከሰለት። ይሄ አይጋጭም?

በመጀመሪያ ይጋጫል ያልኩት እኔም ነኝ። አንዱ ሲያተርፍ ሌላው መክፈል አለበት እያልን ነው ያደግነው። መሀል ላይ ግን የተደፋው ዓሳ አለ። እሱን ማንም አልበላውም፣ ማንም አልሸጠውም። ነዳጅና ጉልበት ግን ወጥቶበታል። ያ ዓሳ ገበያ ሲገባ የሚሸጠው ዓሳ በዛ። አጥማጁ የአንዱን ኪሎ ዋጋ ትንሽ ዝቅ አድርጎም ቢሸጥ በጠቅላላው ያተርፋል። ሁለቱ የተካፈሉት ድሮ ባሕር የሚበላውን ነው።

ስልክ መግዛት ያልቻሉትስ?

እነሱም ተጠቅመዋል፣ ግን ከባለስልኮቹ ባነሰ። ስልኩን ቀድመው የገዙት በብዛት ትልልቆቹ ጀልባዎች ናቸው። ትልቅ ጀልባ ራቅ ወዳለ ገበያ ሲሄድ የሰፈሩ ገበያ ይቀልለታል፤ እዚያ የቀረው ትንሹ አጥማጅ ዓሳውን ሳይደፋ ይሸጣል። ስልክ ሳይኖረው የስልክ ጥቅም አገኘ ማለት ነው።

የተጎዳ የለም?

አለ። ጄንሰን ከኖላን ሚለር ጋር በ2018 ያወጡት ሌላ ጥናት ይህን ያሳያል። የተመለከቱት ጀልባ ሠሪዎችን ነው። ድሮ አጥማጅ ጀልባ የሚያሠራው በአቅራቢያው ካለው ሠሪ ነበር። ከሌላው የሚሻል ይኑር አይኑር አያውቅም። ጀልባ ደግሞ ጥራቱ የሚታወቀው ዓመታት ቆይቶ ነው። አጥማጆቹ በስልክ ምክንያት ሌላ ገበያ መሄድ ሲጀምሩ ከሌላ ሰፈር አጥማጅ ጋር ማውራት መጣ። «ያንተን ማን ሠራት? ስንት ዓመት አገለገለችህ?» ወሬው ዞረ። ጥሩ ሠሪዎች ሥራ በዛላቸው፣ ወርክሾፓቸውም አደገ። ብዙ ሠሪዎች ግን ዘጉ።

እኔ ከዓሳው ጥናት ይልቅ ይሄኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ስልኩ የገባው ለዓሳ ዋጋ ነበር። የሰፈሩን አናጺ ከሥራ ያስወጣው ግን እግረ መንገዱን ነው። ማንም አላቀደውም።

ታዲያ ለገበሬው ዋጋውን በኤስኤምኤስ ብንልክለትስ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ጠያቂው መተግበሪያ ለመሥራት የተነሳ ወጣት ነው፤ ላፕቶፑን ይዞ ነው የሚመጣው። መልሴ ሁሌም ትንሽ ያስከፋዋል።

ተሞክሯል። ማርሴል ፋፍሻምና ባርት ሚንተን በሕንድ፣ በማሃራሽትራ ክልል 100 መንደሮችን ወስደው ለገበሬዎች የዋጋና የአየር ሁኔታ መልእክት በስልካቸው በነፃ እንዲደርሳቸው አደረጉ። አገልግሎቱ በገንዘብ የሚሸጥ እውነተኛ የንግድ አገልግሎት ነበር። ከዓመት በኋላ ለኩ። መልእክቱ የደረሳቸው ገበሬዎች ካልደረሳቸው በተሻለ ዋጋ ሸጡ የሚያሰኝ ልዩነት በአማካይ አልተገኘም። ጥናቱ የወጣው በ2012 ነው።

በዚያው በሕንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ክልል ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። አይቲሲ የሚባል ኩባንያ ከ2000 ጀምሮ በየመንደሩ ኢንተርኔት ያለው ኪዮስክ ከፈተ። ገበሬው የአኩሪ አተር ዋጋ እዚያ ያያል። ኩባንያው ግን ዋጋ በመለጠፍ አላቆመም፤ አኩሪ አተሩን ራሱ የሚገዛበት ማዕከልም ከፈተ። አፓራጂታ ጎያል ስትለካው የአኩሪ አተር ዋጋ ከ1 እስከ 3 በመቶ ጨምሮ ተገኘ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በማሃራሽትራ ገበሬው ዋጋውን አወቀ፣ የሚሄድበት ግን አልተጨመረለትም። በማድያ ፕራዴሽ ዋጋውን ሲያውቅ «እንግዲያው እዚያ እወስደዋለሁ» የሚልበት ቦታ ነበረው። የኬረላው አጥማጅም እንዲሁ ነው። ዓሳው ሞተር ያላት ጀልባ ላይ ተጭኗል። መሪውን ማዞር ብቻ ነው የቀረው። ባለአሥር ኩንታል ገበሬ ግን ዋጋው 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ጥሩ መሆኑን ቢሰማ መኪናውን ከየት ያመጣል? ቢያገኝስ፣ ለማዳበሪያ ያበደረው ነጋዴ «ለእኔ ነው የምትሸጠው» ካለው?

እና ለዚያ ወጣት የምለው ይህንን ነው። መተግበሪያህ ዋጋ ያሳያል፤ ጥሩ። ያየው ሰው በማግስቱ ጠዋት ምን ማድረግ ይችላል? መልስ ከሌለህ የሠራኸው ቴርሞሜትር ነው። ትኩሳቱን ይነግራል፣ አያወርድም።

የሚቆይ እህልና የማይቆይ ዓሳ ልዩነት አላቸው?

በጣም አላቸው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይሄ ነው። ኒጀርን እንይ። ጄኒ ኤከር ከ2001 እስከ 2006 ኔትወርክ በየአካባቢው ሲገባ ሚሌት የሚባለውን ዳጉሳ መሰል እህል ዋጋ ተከታተለች። በገበያዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ ጠበበ። ተጠቃሚዎቹ ግን በብዛት ነጋዴዎች ነበሩ። ነጋዴው መኪና አለው፣ ብዙ ገበያ ይደውላል።

በኋላ ኤከር ከፋፍሻም ጋር ገበሬው የሚሸጥበትን ዋጋ አየች። ጥናቱ በ2015 ወጣ። ነቀዝ ቶሎ በሚደርስበት የአተር ዓይነት ላይ በገበያዎች መካከል ያለው ልዩነት በ6 በመቶ ጠበበ። ተከምሮ በሚቆየው እህል ላይ ግን ለውጥ አልታየም። የገበሬው አማካይ ዋጋም በየትኛውም አልጨመረም። እህል የሚቆይ ከሆነ ባለቤቱ ዛሬ ካልተመቸው ይከምረዋል፤ መረጃው ያን ያህል አያስቸኩለውም። ዓሳ ግን ሰዓት ነው።

ጥናቱን የተቹት ምን አሉ?

ጃናኪ ስሪኒቫሳንና ጄና በረል የተባሉ የመስክ ተመራማሪዎች ወደ ኬረላ ተመልሰው ሄደው ነበር፤ ሥራቸው በ2013 ወጣ። ዋናው መከራከሪያቸው የሰሜን ኬረላን ታሪክ ወስዶ ለመላው ዓለም ማልበስ አይቻልም የሚል ነው። የአጥማጁ ዓይነት ይለያያል፣ የጀልባው ይለያያል፣ ከገዢው ጋር ያለው ውል ይለያያል። ስልኩም ለዋጋ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው፤ ባሕር ላይ ሞተር ሲበላሽ ድረሱልኝ ለማለትም ነው።

ኬረላ ራሷም የተለየች ናት። የሕዝቧ ማንበብና መጻፍ የመቻል መጠን በሕንድ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ኔትወርክ ሲገባ ሐራጁ ነበር፣ ገበያው ነበር፣ የሚያነብ ሰው ነበር። ትችቱ ልክ ይመስለኛል። የጄንሰንን ቁጥር ግን አይሽረውም። የሚሽረው ያንን ቁጥር ይዞ «ስልክ ስጧቸው፣ ድህነት ይጠፋል» ብሎ የሚያውጀውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሻዩ ጥሩ ነበር።

እኛ አገርስ? እህል በረንዳ ላይ ምን ይመስላል?

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1999 ነው፤ ከኮዚኮድ በሁለት ዓመት ዘግይቶ። የእኛን ገበያ ያጠና ሰው ግን ከዚያ በፊትም ነበር። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን በ1990ዎቹ የእህል ነጋዴዎችንና ደላሎችን አጥንታ ነበር፤ ውጤቱ በ2001 በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ታተመ። ነጋዴው ገዢ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ከሚንከራተት ደላላ ይዞ ይሠራል። ደላላው ገዢ ያገኛል፣ እህሉን በእጁ ዘግኖ ያያል፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ያገናኛል። ጥናቱ ደላላን እንደ ሌባ አላየውም። የመረጃ ሥራ እንደሚሠራ ባለሙያ ነው ያየው። ለዘመኑ ይህ ደፋር አባባል ነበር። ዛሬም ቢሆን ታክሲ ውስጥ ብትናገሩት የሚስማማችሁ አታገኙም።

ከዚያ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ተከፈተ፣ በእሷው መሪነት። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል፣ ግብይቱ አዲስ አበባ ይካሄድ ነበር። በገጠር ከተሞች ዋጋ የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ተተከለ። መጀመሪያ ግብይቱ በጩኸትና እጅ ለእጅ በመማታት ነበር። በ2015 ወደ ኮምፒውተር ገባ።

ቡናው ላይ የሆነው ደግሞ ለመረጃ ተመራማሪ የሚጣፍጥ ነው። ዋጋው ግልጽ እንዲሆን የየአርሶ አደሩ ቡና በደረጃና በአካባቢ ተጠቃሎ ተቀላቀለ። ዋጋው ታወቀ፤ የቡናው አባት ግን ጠፋ። «ይሄ ቡና የማን ማሳ ነው?» ብለው የሚጠይቁና ለዚያ መልስ የበለጠ የሚከፍሉ የውጭ ገዢዎች ቅር አላቸው። በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ ቡናው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ መረጃ እንዲከተለው ተደረገ፤ በቀጥታ የመላኩ መንገድም ሰፋ። አንዱን መረጃ ለማጉላት ሌላውን ማጥፋት እንዲህ ነው።

ገበሬው ስልኩን ዋጋ ለመጠየቅ ይጠቀምበታል?

ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ በ2015 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ስልክ ያላቸው ገበሬዎች ቢበዙም ዋጋ ለማጣራት የሚጠቀሙበት ጥቂት መሆናቸውን አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ደውሎ ማንን ይጠይቃል? ስልክ አለ፣ በወዲያኛው ጫፍ የሚታመን ሰው የለም። በ2014 የተጀመረው 8028 የገበሬዎች መስመር ብዙ ደዋይ አግኝቷል፤ ዋና ሥራው ግን የአዘራርና የእርሻ ምክር ነው።

ታዲያ ደላላ ይጥፋ አይጥፋ?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ቤት ሲከራይ የተቃጠለ ነው። እኔም ተቃጥያለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ ቤት ለሦስት ደላላ ከፍያለሁ፤ ሁለቱን እስካሁን አላውቃቸውም።

የእህል ደላላና የቤት ደላላ ግን አንድ አይደሉም። የሚጠይቀው ገንዘብ የሚመጣው ዋጋውን ለብቻው ከማወቁ ብቻ ከሆነ ስልክ ያሳንሰዋል። እህሉን የሚያይ፣ ለክፍያው የሚዋስ፣ ጠብ ሲነሳ የሚሸመግል ከሆነ ግን ስልኩ ይበልጥ ሥራ ያበዛለታል። ድሮ በቀን አምስት ሰው ያገናኝ የነበረው ዛሬ ቁጭ ብሎ ሃያ ያገናኛል። በነገራችን ላይ የኬረላው አጥማጅም ባሕር ላይ ሆኖ የሚደውለው ለማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ገበያው ላይ ላለ ገዢ ወይም ለሚያውቀው ሰው ነው።

ይሄ «ዲጂታል ገበያ» ይባላል? መተግበሪያ የለው፣ ዌብሳይት የለው።

ይባላል ባይ ነኝ። ገበያን ዲጂታል የሚያደርገው ስክሪኑ አይደለም። መረጃው ከዕቃው ቀድሞ መጓዙ ነው። ዓሳው ገና ባሕር ላይ እያለ ዋጋው ባሕር ላይ ደረሰ።

ከዛሬዎቹ ፕላትፎርሞች ጋር አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ያ አጥማጅ የገዢዎቹ ቁጥር በራሱ ስልክ ውስጥ ነበር። ማንን እንደሚደውል እሱ ይመርጣል። ዛሬ በመተግበሪያ የሚሠራ ሾፌር ወይም ነጋዴ ግን የደንበኛው ዝርዝር ያለው በባለመተግበሪያው እጅ ነው። ማን ማንን እንደሚያይ፣ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ወገን የሚያገናኝ ገበያ እንዴት እንደሚተምን ካሰሉት አንዱ ዣን ቲሮል ነው፤ በ2014 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ትልልቅ ኩባንያዎች ስላላቸው ኃይልና ስለ ቁጥጥራቸው ባደረገው ምርምር ነው። ከባልደረባው ከዣን ሻርል ሮሼ ጋር ያሳዩት አንድ ነገር አገናኙ ከሁለቱ ወገን እኩል እንደማያስከፍል ነው። አንዱን በርካሽ ወይም በነፃ ያስገባል፣ ሌላውን ያስከፍላል። ነፃ የገባችሁበት ገበያ ካለ ሂሳቡን ማን እየከፈለ እንደሆነ ዞር ብላችሁ እዩ።

ራሴ ላጠና ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ከትንሽ ጀምሩ። አንድ ዕቃ ምረጡ፣ ቶሎ የሚበላሽ ቢሆን ይሻላል፤ ቲማቲም ግሩም ነው። አራት ወይም አምስት ገበያ ምረጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሌም ያው ቀን፣ ሁሌም ያው ሰዓት ዋጋ መዝግቡ። ጠዋት የአንዱን፣ ከሰዓት የሌላውን ከመዘገባችሁ የምትለኩት ፀሐዩን ነው።

ዋጋ ብቻ አትጻፉ። ስንት ሳጥን መጣ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ስንቱ ተጣለ ብላችሁ ጻፉ። የጄንሰን ጥናት ያለ ተደፋው ዓሳ ግማሽ ነው። እና አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ መጥተው ሳይገዙ የሄዱ ሰዎች ብዛት። እነሱን ማንም አይቆጥራቸውም። ገበያው ሊበተን ሲል መውጫው ላይ ቆማችሁ ባዶ ዘንቢል ይዛ የምትወጣዋን ሴት ምን ፈልጋ እንደመጣች ጠይቋት።